ሴራ ይጎነጎናል እንጂ አይሸመንም

የካቲት 12 ሲደርስ ዜናው ስድስት ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት ሥር «የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ» ይለናል። የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ። በሌላው ቀን ያው ዜና አንባቢ፣ በዚያው ድምፅ፣ እነ እገሌ «ሴራ ሲጎነጉኑ ተደረሰባቸው» ይላል። አበባውም ጉንጉን፣ ሴራውም ጉንጉን። ነገሩን ልብ ያልኩት የእህቴ ልጅ ስትስቅብኝ ነው።

ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ቀጫጭን ነው፣ ወደ ኋላ የተሳበ፣ ያምርባታል። «ማን ጎነጎነሽ?» አልኳት። «አክስቴ ደግሞ! ፀጉር ይጎነጎናል እንዴ? ሴራ ነው እንጂ የሚጎነጎነው!» የምሯን ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋም ጥሩ ነው፤ ግን ለእሷ መጎንጎን የዜና ቃል ሆኗል። ፀጉር «ይሠራል»፣ ሹሩባም «ይሠራል»። ሹሩባ ሠሪ፣ ሹሩባ ልሠራ ነው፣ ሹሩባ የት ተሠራሽ። እውነቷን ነው፣ እኔም ሳላስበው እንደዚያ ነው የምናገረው።

መጎንጎን ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሹሩባ ሠሪ ጉልበት መሃል መቀመጥ ይበቃል። አንቺ መሬት ምንጣፍ ላይ ነሽ፣ እሷ ከኋላሽ በርጩማ ላይ። በሚዶው ጫፍ ፀጉርሽን ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ አድርጋ ትከፍለዋለች። ከዚያ ግንባርሽ ጋ ትንሽ ፀጉር ቆንጠር ታደርግና ሦስት ቦታ ትለየዋለች። ቀኙ በመሃለኛው ላይ ያልፋል፣ ግራው በመሃለኛው ላይ ያልፋል፣ በየዙሩ ደግሞ ከሥር አዲስ ፀጉር እየለቀመች ትጨምርበታለች፤ ሹሩባውን ከራስ ቅልሽ ጋር የሚያጣብቀው ይሄ መጨመሩ ነው። ጆሮሽ ይታጠፋል። ቅንድብሽ ወደ ላይ ይሳባል። «አጎንብሺ!» ስትባይ ታጎነብሻለሽ። «ኧረ አመመኝ» ስትዪ «ታዲያ ቁንጅና እንዲሁ ይገኛል?» ትባያለሽ፣ ሌላ መልስ ያላት ሹሩባ ሠሪ እስካሁን አልገጠመችኝም።

ቃሉም የእጇን ምልልስ ይዟል። ጎነ፣ ጎነ። አማርኛ እጅ ተመላልሶ የሚሠራውን ሥራ ሲጠራ ድምፁንም መመላለስ ይወዳል፤ ቀጠቀጠ፣ ጠቀጠቀ፣ ለቀለቀ፣ ጎረጎረ፣ ተበተበ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ «መታ» እንላለን እንጂ ቀጠቀጠ አንልም። እንደዚሁ አንድ ጊዜ አቆላልፎ መተው መጎንጎን አይደለም። እስከ ጫፉ መሄድ አለበት።

ደግሞ አማርኛ ክርንና ሣርን፣ ፀጉርንና ጠፍርን የሚያያይዝ ሥራ ሁሉ አንድ ስም እንዲኖረው አልፈቀደም። ቃጫ ተጠምዝዞ ገመድ ሲሆን ይገመዳል። ጅራፍ ይታታል፣ የጠፍር አልጋም ይታታል፣ የሆሳዕና ዘንባባም ጣት ላይና ግንባር ላይ ለማሰር ይታታል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ከመመረጉ በፊት ቋሚው ላይ አግድም እንጨት ሲመታበት ይማገራል። ጥጥ ይፈተላል፣ ሸማ ይሸመናል። ዳንቴልና ሹራብ ኋላ የመጡ እንግዶች ስለሆኑ የራሳቸው ግስ አልደረሳቸውም መሰለኝ፣ ዝም ብለው «ይሠራሉ»። (ያኔ ቴሌቪዥኑን ከነአንቴናው ታለብሰው የነበረችው ዳንቴል ትዝ አትላችሁም? በኪሮሽ ስንት ሌሊት የተለፋባት!)

መሶብ ግን ይሰፋል። ይህችን ነገር በጣም እወዳታለሁ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ለጎረቤት ሲያስረዱ መሶብን «የተሸመነ ቅርጫት» ዓይነት ነገር ያደርጉታል፣ ምክንያቱም የዚያ አገር ቃል ወደዚያ ይስባቸዋል። መሶብ ላይ ግን ምንም የሚሸመን ነገር የለም። አንድ እፍኝ የማይሞላ የሣር ጥቅልል እየተጠማዘዘ ይዞራል፣ በየዙሩ ወስፌ ቀዳዳ ታበጃለች፣ በቀዳዳው ቀለም የገባው ሣር ይሾልክና አዲሱን ዙር ካለፈው ዙር ጋር ይሰፋዋል። መርፌ አለ፣ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው የሚያልፍ አለ። ይሄ ስፌት ካልሆነ ምን ስፌት አለ? ስንደዶና አክርማ ሲለቅሙ የኖሩ ሴቶች «መሶብ ሰፋሁ» ሲሉ ለማሳመር አይደለም፣ የሠሩትን ነው የሚናገሩት።

ወደ ጎነጎነ ስመለስ፣ የቅርብ ዘመዱ ሸረበ ነው። ሹሩባ የሚለው ስም ራሱ የሸረበ ልጅ ነው። እስቲ አሁን «ፀጉሯን ሸረበች» የሚል ሰው ፈልጉልኝ። ስሙ ፀጉር ላይ ቀረ፣ ግሱ ጥሎት ሄደና ፖለቲካ ውስጥ ገባ። «ሴራ ሸረቡ»፣ «ተንኮል ሸረቡ»፣ አለቀ። እንግዲህ ጎነጎነም ያንኑ መንገድ እየሄደ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሳቅ ከየትም አልመጣም። ጉንጉን ለአበባው ቀረ፣ መጎንጎን ደግሞ ለሴራው።

ታዲያ ለምን ሴራ አይሸመንም? «ሴራ ሸመነ» ብትሉኝ ይገባኛል፣ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። ሸመነም እኮ ክርን ከክር ያያይዛል፣ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ውስብስቡ ሥራ እሱ ነው።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሱቆቹ ጀርባ ወዳሉት ግቢዎች ገባ ብላችሁ እዩ። አብዛኛዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያወርዳል። አንዱን እግር ሲረግጥ ከፊቱ የተዘረጋው ድር ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ዝቅ ይላል፣ በመሃል መንገድ ይከፈታል። በዚያች መንገድ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሾልካል። ይመታዋል፣ ያጠብቀዋል። ሌላውን እግር ይረግጣል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። ድሩ ዛሬ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ደህና ጋቢ ከሆነ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ይሆናል፣ ያ ለስላሳ የሚያሞቀው እሱ ነው። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየመረጠ ማስገባት ይጀምራል፣ ያኔ ማውራትም አይወድ።

አያችሁ፣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው። ድሩ ስንት ክር እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ታውቋል። ስፋቱም ታውቋል። አንድ ክር ከተበጠሰ መስመሩ እዚያው ፊቱ ላይ ይታያል፣ ቆም ብሎ ይቀጥለዋል። ሹሩባ ግን ከኋላሽ ነው። የምትጎነጎነዋ ሴት የሚጎነጎነውን አታይም። መስታወት እስኪሰጣት ድረስ ምን እንደሆነች የሚያውቁት ሠሪዋና ዙሪያውን ቡና የሚጠጡት ናቸው። በየዙሩ ደግሞ አዲስ ነገር ከሥር እየተለቀመ ይጨመራል። ሴራም ልክ እንደዚያው ነው፣ በሌላ ሰው ራስ ላይ፣ ከጀርባ፣ እየተለቀመ። ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ የመረጠው አይመስለኝም፣ ግን ቋንቋው ጎነጎነን ለሴራ ሲያጭ ዓይኑ ጥሩ አይቷል።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በድሮው አስተሳሰብ ቢሆን ክፉው ትርጉም መውደቅ የነበረበት ሸማኔው ላይ ነው። ሸማኔ ይናቅ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር፣ ብረት የሚሠራውም «ጠይብ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሳደበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ሰውዬው እንዲህ ሲዋረድ ግሱ ግን ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ሸመነ ላይ አንድም እድፍ የለም። እንዲያውም ሸማው ላይ የሚያርፈው ያ ጌጥ ጥበብ ነው የሚባለው፣ ሊቁ ዘንድ ያለውም ጥበብ ነው። በሌላ በኩል ሹሩባ ሠሪዋን የጠላት አልነበረም፣ ለሠርግ የምትለመን፣ ተራ የሚያዝላት ሴት ናት፤ የእሷ ግስ ግን ተበላሸባት። ሰውን መናቅና ቃልን ማቆሸሽ በተለያየ መንገድ ነው የሚሄዱት መሰለኝ።

በነገራችን ላይ አማርኛ ውስጥ የሴራ ሙሉ ዕድሜ በቤት ሥራ ቃላት ሊነገር ይችላል። መጀመሪያ ይጠነሰሳል፣ ልክ እንደ ጠላ፤ ጌሾውና ውሃው ጋን ውስጥ ገብቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ክዳኑን የሚከፍት የለም፣ ቀስ ብሎ ይሠራል። ቀጥሎ ይጎነጎናል። ካልተሳካ ይከሽፋል፣ እንደ ጥይት። ከጓዳ ተነስቶ በበረንዳ አልፎ ጦር ሜዳ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ጋዜጠኛ ሆናችሁ ሴራው ገና ሐሳብ ላይ ከሆነ «ተጠነሰሰ» በሉ፣ ሰዎቹ ተገናኝተው ሥራ ተከፋፍለው ከሆነ ነው «ተጎነጎነ» የሚያስኬደው። ሁለቱን እያቀያየሩ መጻፍ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ሳነብ ይቆረቁረኛል።

የክር ቃላት ወደ ክፉ መሄድ የጎነጎነ ብቻ አይደለም። ጠለፈን ተመልከቱት። የትራስ ልብስ ላይ አበባ ይጠለፋል፤ ጥልፍ ነው፣ ያምራል። ከዚያ ልጅት ከውሃ መንገድ ትጠለፋለች። አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ስልክ ይጠለፋል፣ አሁን ደግሞ የፌስቡክ አካውንት። ሲሮጥ እግር ይጠለፍና ይወደቃል። ሁሉም ላይ ያው እንቅስቃሴ ነው ያለው፣ በራሱ መንገድ የሚሄደውን ነገር ከጎን ገብቶ አንጠልጥሎ መሳብ። ለመስኖ ወንዝ ሲጠለፍ ብቻ ነው ገበሬው ደስ የሚለው።

አከረረም አለ። ክር ሲፈተል በደንብ ካልተጠማዘዘ ይላላል፣ ስለዚህ ይከረራል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሰው ላይ ሲመጣ ግን «ነገር አከረረ»፣ «የከረረ ጠብ»፣ «አክራሪ»። «ሲከር ይበጠሳል» የሚለው ፈታይ ሴት ሁሉ በእጇ የምታውቀው ነገር ነው፣ ሽማግሌዎች እርቅ ላይ የሚጠቀሙበት። ተበተበ ደግሞ ምንም ደግ ነገር አልቀረለትም፤ በዕዳ፣ በሱስ፣ በቢሮ ውጣ ውረድ መተብተብ ብቻ።

በደጉ በኩል የቆሙትን ስቆጥር አብዛኞቹ የሸማኔ ቤት ቃላት ሆነው አገኘኋቸው። «ድርና ማግ ሆነው ኖሩ» ስለ ጥሩ ባልና ሚስት ይባላል፣ ስለ ጎረቤትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን የማያውቅ የለም፣ ትምህርት ቤት ድርሰት ላይ ያልጻፈውም የለም። የሸረሪቱም ድር ያው ድር ነው፣ ድረ ገጽ ያልነውም ከዚያው ነው የመጣው። ውል ራሱ የክር ቃል ነው። ልቃቂት ላይ ጫፉ ከጠፋ መተርተር አይቻልም፣ ያቺ ጫፍ ናት ውሏ። ስለዚህ ንግግሩ መያዣ ሲያጣ «ውል የለውም» እንላለን። ሰነድ ላይ ተፈራርመን «ውል» ስንልም ያንኑ ቃል ነው የምንጠራው፤ ጫፉ የት እንዳለ ሁለታችንም እንድናውቅ።

ቋጨም ከዚህ ወገን ነው፣ ምናልባትም የሁሉም ዕድለኛ። ነጠላ ከሽመናው ሲቆረጥ ጫፉ ላይ የድሩ ክሮች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ዝም ከተባሉ ይተረተራሉ። ስለዚህ ጥቂት ክር በአንድ ጣት፣ ጥቂት በሌላው ይያዝና እያንዳንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ይለቀቃሉ፣ ራሳቸው ተቃቅፈው ይቆማሉ። ይሄ መቋጨት ነው። ሽሮ ሜዳ ይሄን ብቻ እየሠሩ የሚውሉ አሉ። አሁን ስፖርት ጋዜጠኛው «ጨዋታው በአቻ ውጤት ተቋጨ» ይላል፣ ሰብሳቢው «ንግግሬን ለመቋጨት ያህል» ብሎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወራል። የተቋጨው ጫፍ ዘርፍ ይባል ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስም በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ ያድርጉ ይላል። ዛሬ ዘርፍ ሲባል የሚታየን የግብርናው ዘርፍ፣ የኢንዱስትሪው ዘርፍ ነው። የሚኒስትሮች ሪፖርት ላይ ስንት ዘርፍ ተንጠልጥሏል!

ስለ ሹሩባ ሳወራ ወንዶቹን መርሳት አይገባም። አጼ ቴዎድሮስን የምናስታውሳቸው በሹሩባቸው አይደል? ለጀግና ፀጉር መጎንጎን ክብር ነበር። መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወስደው ነበር። ያ ቁንዳላ ለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ቆይቶ፣ ከተቆረጠ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው ለአገሩ የተመለሰው። ያኔ ስለ ሹሩባ እንደዚያ በአደባባይ ሲወራ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መጎንጎን ከሴራ ውጭ በአፍ በአፍ የሄደበት ጊዜ እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቃሉን ካሰባችሁለት ቤት ውስጥ ተጠቀሙበት። «ነይ ልጎንጉንሽ» በሏት ልጃችሁን። የቤቱ በር ላይ የምትሰቅሉት የአበባ ጉንጉን ካለ ማን እንደጎነጎነው ጠይቁ። የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ታሪክን ከታሪክ ያያያዘ ደራሲን ለማመስገን «ጎነጎነ» ባይሉ ይሻላል፣ ሰድበውት ቁጭ ይላሉ። «አሰናሰለ» ሰንሰለት እያለው ቢመጣም ጨዋ ቃል ነው፣ «ተጋመደ»ም ጥሩ ነው፤ «ታሪኮቹ ተጋምደዋል» ሲባል ገመዱ ጠንካራ እንደሆነ ይሰማኛል። ግጥም ላይ ከሆነ ደግሞ ስንኝ ይቋጠራል፣ ቅኔ ይዘረፋል፣ እሱ የራሱ ዓለም አለው።

አንድ ችግር ግን አለ። ትምህርት ቤት የልቦለድ አላባ ስንማር ከገጸ ባሕርይና ከመቼት ጋር «ሴራ» የሚል አለ፤ ታሪኩ በምክንያትና በውጤት የተያያዘበት መንገድ ማለት ነው። እና «የልቦለዱ ሴራ በጥሩ ሁኔታ ተጎንጉኗል» ቢል ሐያሲው እያመሰገነ ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ካላችሁ ደግሞ ሲዳማ ዘንድ ሴራ ማለት ሰው ሁሉ የሚተዳደርበት፣ ሽማግሌ የሚያስከብረው ሥርዓት ነው፤ ሐላባም ሴራ የሚባል ትልቅ በዓል ያከብራል። እና ሐዋሳ ላይ አንድ ሽማግሌ «ሴራ አለን» ቢሏችሁ ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ።